ፔይ፣ ስፔንድ፣ ኮስት፦ የትኛውን መቼ እንበል?

ባሕር ዳር ላይ ከእንግዳ ጋር የምትሠሩ ከሆነ፣ ባለጀልባም ሁኑ አስጎብኚ ወይም አስተናጋጅ፣ እንግሊዝኛው የሚፈትናችሁ ሂሳብ ላይ ነው። የስልክ መተርጎሚያ ብዙ አይረዳም። «መክፈል» ብላችሁ ብትጽፉለት ግሱን ይሰጣችኋል እንጂ አብሮት የሚሄደውን ትንሽ ቃል አይነግራችሁም። ችግሩ ያለው ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

መጀመሪያ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ለዩ። ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሆነ ኮስት ነው፦ «ዘ ቦት ኮስትስ ቱ ታውዘንድ ብር»። «ሁለት ሺህ ብር ታወጣለህ» ለማለት «ዩ ኮስት ቱ ታውዘንድ ብር» ካላችሁት፣ እንግዳው የሚሰማው የራሱ ዋጋ ሲነገረው ነው። ላለፈ ጊዜም ኮስት ያው ኮስት ነው፣ ኮስትድ አትበሉ። ዋጋ ጠያቂው ሰው ከሆነ ደግሞ ቻርጅ፦ «ሂ ቻርጅድ ሚ»፣ ይህን ያህል አስከፈለኝ ማለት ነው። ስልክ ቻርጅ ከማድረግ ጋር አታምታቱት።

ባለቤቱ ገንዘብ አውጪው ሲሆን ምርጫው በፔይና በስፔንድ መካከል ነው። ለተቀባይ ሰጣችሁ፣ ፔይ። ከኪስ ምን ያህል ወጣ ነው ጨዋታው፣ ስፔንድ፤ የወጣበት ነገር ኦን ይቀድመዋል፣ ፎር አይደለም። ስፔንድ ለጊዜም ይሆናል፦ ዘጌ ላይ ሁለት ሰዓት ማሳለፍም ስፔንድ ነው።

አሁን ዋናው፣ የፔይ ፎር ጉዳይ። እኛ «ለባለጀልባው ከፈልኩ» እንላለን፣ «ለአሳው ከፈልኩ»ም እንላለን፣ ሁለቱም ላይ «ለ» አለ። እንግሊዝኛው ግን ይለያቸዋል። ሰው ያለ ፎር፦ «አይ ፔይድ ዘ ቦትማን»። የተገዛው ነገር ከፎር ጋር፦ «አይ ፔይድ ፎር ዘ ፊሽ»። ፎርን ከአሳው ላይ ብታነሱት ገንዘቡን ለአሳው ራሱ የሰጣችሁት ይሆናል። ሰው ላይ ብትጨምሩት ደግሞ፣ «አይ ፔይድ ፎር ዘ ቦትማን»፣ የባለጀልባውን ሂሳብ እናንተ ዘጋችሁለት ማለት ነው። ይህን ልዩነት እኛም ቤት እናውቀዋለን፦ «ከፈልኩት» እና «ከፈልኩለት» አንድ አይደሉም። ግራ ሲገባችሁ በአማርኛ ሞክሩት፣ «ከፈልኩለት» ከመጣ ፎር አስገቡ። «ቢል» የሚለው ቃል (የሂሳብ ወረቀቱ) ግን ፎር አይፈልግም፣ «ፔይ ዘ ቢል» ይበቃል።

ድርድር ላይ «አቅሜ አይፈቅድም» የሚል እንግዳ «አይ ካንት አፎርድ ኢት» ነው የሚላችሁ። አፎርድ በዚህ ትርጉሙ ባብዛኛው ከካን ወይም ከካንት ጋር ይመጣል፣ አብራችሁ ያዙት።