ክሎዝድ ጋርድ ውስጥ ስትያዙ ተነሥታችሁ ቁሙ

ባሕር ዳር ጂዩ ጂትሱ (መሬት ላይ ተያይዞ የሚታገሉበት ስፖርት) የምትሠሩ ልጆች፣ በተለይ ጣና ዳር ሣሩ ላይ የምትለማመዱ፣ ይቺን ያዙልኝ። ተጋጣሚያችሁ ከታች ሆኖ ወገባችሁን በእግሩ ሲቆልፍባችሁ (ክሎዝድ ጋርድ የሚባለው ይሄ ነው)፣ ተንበርክካችሁ ጭኑን በክርን እየተጫናችሁ ጉልበት አትጨርሱ። በዚህ ሙቀት ቁልፉ ሳይከፈት ትንፋሻችሁ ያልቃል።

ቁሙ። በቀኝ እጃችሁ ሁለቱንም ኮሌታውን ደረቱ ላይ ጨምድዳችሁ ያዙ፤ በግራችሁ የቀኝ እጅጌውን ሆዱ ላይ አጣብቁት። ቀድሞ የሚነሣው ግራ እግራችሁ ነው፤ እጁ በተያዘበት በኩል ቁርጭምጭሚታችሁን ሊጠልፍ አይችልማ! ቀጥ ካላችሁ በኋላ እጅጌውን ኮሌታ ለያዘው እጅ አቀብሉና በነፃው እጅ ጉልበቱን ከውስጥ ወደ ታች ግፉ። ዳሌያችሁ ወደ ፊት ይውጣ፣ አንገታችሁ አይጎንበስ። ያለ ጊ (ኮሌታና እጅጌ ያለው የጂዩ ጂትሱ ልብስ) ከሆነ በእጅጌው ፋንታ የእጁን አንጓ፤ ላብ ስለሚያንሸራትት ፈጠን በሉ።

እግሩ እንደተከፈተ ጉልበታችሁን በጭኖቹ መሀል አስገብታችሁ አንዱን ጭን ተጭናችሁ ተሻገሩ። አንድ እጃችሁ ከእግሮቹ መሀል፣ አንዱ ውጭ ከቀረ ትራያንግል (አንገታችሁንና አንድ እጃችሁን በእግሮቹ ቆልፎ ማነቅ) ይጠብቃችኋል፤ ወይ ሁለቱም ውስጥ ወይ ሁለቱም ውጭ።

አልፈታም ብሎ ከተንጠለጠለባችሁ ደግሞ አንሥታችሁ አታፍርጡት። በውድድር ያስባርራል፤ ምንጣፍ በሌለበት ሣር ላይ አንገት ይጎዳል።