ሻዩን ማን ያፈላል? ውጭ አገር ለምትማሩ

ከሐዋሳ ለትምህርት ወደ ሕንድ የምትሄዱ ልጆች ስለ ቪዛና ስለ ዶርም ትጠይቁኛላችሁ። ማስተርሴን ዴልሂ ስሠራ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝን ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ዛሬ ልጻፈው። የሰው አገር ሄዳችሁ የወንድና የሴት ድርሻን እንዴት እንደምትመለከቱ ነው።

ልምምዱን እዚሁ ጀምሩ። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ውረዱና አንድ ጥግ ይዛችሁ ተቀመጡ። ጀልባው ላይ ማን አለ? ዓሣውን ማን ይበልታል? ሾርባውን ማን ያቀርባል? ብሩስ መጨረሻ ላይ ማን ኪስ ይገባል? ገጠር ዘመድ ካላችሁ ደግሞ እንሰት ሲፋቅ እዩ። ተከላው የወንዶች ነው፤ መፋቁና ቆጮውን ማድረሱ የሴቶች ነው። ስናየው ስላደግን አናስተውለውም። የራሳችሁን ሳታስተውሉ ከሄዳችሁ፣ እዚያ የሚታያችሁ የሚገርማችሁ ብቻ ይሆናል።

ዴልሂ ስትደርሱ ቶሎ ዓይን የሚገባው ሜትሮው ነው። የባቡሩ የፊተኛ ፉርጎ የሴቶች ብቻ ነው። ፍተሻውም ለየብቻ ነው፤ ሴቶች በመጋረጃ በተከለለ ቦታ በሴት ፈታሽ ይፈተሻሉ። ይሄ ተጽፎ የተለጠፈ ሕግ ስለሆነ ብዙ አትቆዩበት። ያልተለጠፈውን ፈልጉ።

ለዚህ ከመንገድ ዳር ሻይ የሚሻል ቦታ አላገኘሁም። እኛ ጋ ጀበና ቡና ካለ ረከቦቱ ጋ የተቀመጠችው ሴት ናት። ዴልሂ መንገድ ላይ ሻይ የሚያፈላው በአብዛኛው ወንድ ነው። ወተቱን፣ ስኳሩንና የተወቀጠውን ዝንጅብል አንድ ላይ ያንተከትክና በትንሿ ብርጭቆ ያቀብላል። ዙሪያውን ቆመው የሚጠጡትም ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ስትመጡ ግን ሴት ተማሪዎችም ብርጭቋቸውን ይዘው፣ ከወንዶቹ ጋር እኩል ሲከራከሩ ታያላችሁ። ከዚያ ሰው ቤት ስትጋበዙ ልብ በሉ፤ እዚያ ሻዩን ይዛ የምትመጣው ብዙ ጊዜ እናት ወይም ምራት ናት። ሻዩ ያው ነው። ገንዘብ ሲያስገኝ በወንድ እጅ፣ በነፃ ሲሆን በሴት እጅ። ይሄን ማንም አልነገረኝም፤ አንድ ቦታ ደጋግሜ በመቆም ያገኘሁት ነው። አሁን ጥያቄውን ወደኛ አዙሩት። የጀበና ቡና ገንዘብ ሲያስገኝም በሴት እጅ ነው። ለምን?

ማስታወሻ ስትይዙ ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በግራ ዓይናችሁ ያየውን፣ በቀኝ የተሰማችሁን ጻፉ። «ባልየው ሲበላ ቆማ ሮቲ (ቂጣ) አቀረበች፣ እሷ መጨረሻ ላይ በላች» የግራው ነው። «ምስኪን» የቀኙ ነው። ሰዓቱንና ቦታውን አትርሱ። የሰው ስም አትጻፉ፤ ሳታስፈቅዱም ፎቶ አታንሱ።

ጥያቄ ላይ ተጠንቀቁ። «ሴቶቻችሁን ለምን ትጨቁናላችሁ?» ብሎ የጀመረ ሰው ጭቅጭቅ እንጂ መልስ አያገኝም። «እናትሽ በአንቺ ዕድሜ ይሄን ታደርግ ነበር?» በሉ። ሰው ስለ እናቱ ሲጠየቅ ደስ ብሎት ያወራል። ወንዱንም ሴቷንም ለየብቻ ጠይቁ። ወንዶች፣ እናንተ የማትገቡበት ጓዳ አለ፤ ከሴት የክፍል ጓደኛችሁ ጋር ማስታወሻ ተለዋወጡ። ሴቶችም ብትሆኑ ወንዶቹ ለብቻቸው ሲሆኑ የሚያወሩትን አትሰሙም።

«ሕንዶች እንዲህ ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን እባካችሁ አትጻፉ። በሰሜን ሕንድ ካርቫ ቻውት በሚባለው ቀን ብዙ ያገቡ ሴቶች ለባላቸው ዕድሜ ብለው ጨረቃ እስክትወጣ ይጾማሉ። በሰሜን ምሥራቅ፣ በሜጋላያ ግዛት በሚኖሩት ካሲዎች ዘንድ ደግሞ ዘር የሚቆጠረው በእናት ነው፤ የቤተሰቡን ቤት የምትወርሰውም የመጨረሻዋ ሴት ልጅ ናት። ሁለቱም ሕንድ ነው። ዴልሂ ውስጥም ሰው አንድ ሐሳብ የለውም። የሴቶች ዶርም ከወንዶቹ ቀድሞ መዘጋቱን በመቃወም እ.ኤ.አ. በ2015 ፒንጅራ ቶድ የተባለውን እንቅስቃሴ የጀመሩት የዚያው ከተማ ሴት ተማሪዎች ናቸው። እናንተ ደርሳችሁ ከመናደዳችሁ በፊት እነሱ ተናደው፣ ተሰባስበው አደባባይ ወጥተዋል። ስለዚህ ስለ ባህሉ ስትጽፉ በውስጡ የሚከራከሩትንም ጻፉ።

እናንተም መጠየቃችሁ አይቀርም። «አገራችሁ ሴት በስንት ዓመቷ ታገባለች? ወንድ ወጥ ይሠራል?» ይሏችኋል። አገር ለማስመስገን ብላችሁ አታሳምሩ፣ አታጣጥሉም። አያቴ እንዲህ፣ እናቴ እንዲህ፣ እኔ ደግሞ እንዲህ ብላችሁ መልሱ። የእናንተን ቤት ስትነግሯቸው የራሳቸውን ይነግሯችኋል።

ተርሙ ሳያልቅ ማስታወሻችሁን ለአንዲት የዚያ አገር ጓደኛ አንብቡላት። «እኛ ቤት እንዲህ አይደለም» ካለች አትከራከሩ። ከየት ከተማ እንደመጣች፣ እናቷ ሥራ ይኑራት አይኑራት፣ ቤቱ ውስጥ ምራት ትኑር አትኑር ጠይቁና ከጎኑ ጻፉት።