ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ሲገጥማችሁ ጭራውን እዩ

ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ሲያስቸግራችሁ መጀመሪያ መጨረሻውን ተመልከቱ። ድምፁ የት ላይ ጫን እንደሚል አብዛኛውን ጊዜ የሚነግራችሁ እሱ ነው። በ«ሽን» ካለቀ፣ ከ«ሽን» በፊት ያለውን ክፍለ ቃል ጫን በሉት፦ ኢን-ፎር-ሜ-ሽን፣ «ሜ» ላይ። «ኢቲ» እና «ኢክ»ም እንደዚያው ናቸው፤ እንደ «ካቶሊክ» ያሉ ጥቂቶች ግን ያፈነግጣሉ።

ፎቶግራፍን እንውሰድ። ብቻውን ሲሆን የሚጫነው «ፎ» ነው። ፎቶግራፊ ሲሆን ጫናው ወደ «ቶ» ይሄዳል፤ የፊተኛው «ፎ»ም ደብዘዝ ብሎ ወደ «ፈ» ይጠጋል። ፎቶግራፊክ ሲሆን ደግሞ «ግራ» ላይ ያርፋል። እኛ በአማርኛ ልማድ ሁሉንም እኩል ስለምንጠራ ሰሚው ግር የሚለው እዚህ ጋ ነው። በእኔ እምነት ያልተጫነውን ማደብዘዝ፣ የተጫነውን ከማጉላት እኩል ልምምድ ይፈልጋል።

ለትርጉም ሲሆን ግን የሚቆረጠው ሌላ ቦታ ነው። «ኢንፎርም» ማሳወቅ ነው፤ «ኤሽን» ስም ያደርገዋል። ስትጠሩት «ም» ወደ ቀጣዩ ክፍለ ቃል ተሻግሮ «ሜ» ይሆናል። ስለዚህ ለፍቺ አንዴ፣ ለንባብ ሌላ ጊዜ ቁረጡት። ከተጠራጠራችሁ መዝገበ ቃላት ክፈቱ፤ ብዙዎቹ ከሚጫነው ክፍለ ቃል ፊት ከፍ ያለች ትንሽ ቋሚ ጭረት ያስቀምጣሉ።