ሐዋሳ ላይ የሥራ ቀን እንዴት ይቆጠራል?

የግድግዳ ካላንደር ላይ በቀይ የተጻፉትን ቀናት ቀንሶ «ይኼን ያህል የሥራ ቀን አለኝ» ማለት ሐዋሳ ላይ አያዋጣም። ቀዩ ቀለም ለአዲስ አበባም ለሐዋሳም አንድ ነው፤ ሳይት ላይ ማን እንደሚቀር ግን አይነግራችሁም። እኔ ግንባታ ላይ ስለምሠራ ምሳሌዬ ሁሉ ከሶሌታ (የወለል አርማታ) እና ከፌሮ (የአርማታ ብረት) ነው። ስፌት ቤት ላለውም አካሄዱ ያው ነው።

1. ውሉን አንብቡ። «ቀን» ያለው የሥራ ቀን ነው ወይስ የቀን መቁጠሪያ ቀን? የቀን መቁጠሪያ ከሆነ በዓሉ ሁሉ ከእናንተ ጊዜ ላይ ይቆረጣል።

2. አገር አቀፎቹን በዓላት አስገቡ። አብዛኞቹ ቀናቸው የታወቀ ነው። የሚያሳስተው ገና ነው፦ ጳጉሜን 6 ሆና ባለፈችበት ማግስት ዓመት፣ ለምሳሌ በ2020፣ ታኅሣሥ 29 ሳይሆን 28 ላይ ይውላል። ለኢድ ደግሞ የአንድ ቀን መላወሻ ተዉለት፤ ጨረቃ ሳትታይ አይቆረጥም።

3. ፍቼ ጨምበላላ። የክልሉ ትልቁ በዓል፣ የሲዳማ አዲስ ዓመት ነው፤ ብዙ ፕሮግራም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ቀኑን የሚቆርጡት አያንቶዎች ናቸው፣ ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው። የሲዳማ ባህላዊ ሳምንት ራሱ አራት ቀን ነው፦ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንካ። ስለዚህ ያምናውን ቀን ይዞ የዘንድሮውን መገመት ከንቱ ድካም ነው፤ ኢንተርኔት ላይ አስቀድሞ የተለጠፈ ቀንም አትመኑ። የአገር ሽማግሌ ወይም ሲዳማ የሆነ የሥራ ባልደረባ ብትጠይቁ ይሻላችኋል።

ቀኑ እስኪነገር ድረስ ፕሮግራሙ ላይ ተንሳፋፊ ቀናት ያዙ። አንድ ቀን አይበቃም። ፍቼ የዋዜማው ምሽት ነው፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ ቡርሳሜ (ከእንሰትና ከቅቤ የሚሠራ ምግብ) የሚበላበት። ገጠር ቤተሰብ ያለው ሠራተኛ ያን ምሽት ለመድረስ ከቀትር በፊት መናኸሪያ ነው። በማግስቱ ጨምበላላ ነው፤ ከተማው በዓሉ ወደሚከበርበት አደባባይ ወደ ጉዱማሌ ይተማል፣ ያን ቀን አሸዋ የጫነ ገልባጭ ይምጣ ማለት ዘበት ነው።

አንድ የማውቀው ተቋራጭ ዋዜማውን «ዝግ አይደለም» ብሎ ሶሌታ ሙሌት ጀመረ። ስድስት ሰዓት ላይ ግማሹ ሠራተኛ የለም፤ ሚክሰሩ ይዞራል፣ አርማታ የሚያመላልስ ጠፋ። ሙሌቱ መሃል ላይ ቆመ፣ በማግስቱም ውሃ የሚያጠጣው ሰው አልተገኘም። ክረምት ሲገባ አሮጌውና አዲሱ አርማታ በተገናኙበት መስመር ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረ። እነዚያ ቀናት ላይ በማንኛውም ሰዓት ሊቆም የሚችል ሥራ አስቀምጡ፦ ፌሮ ማሰር፣ ቀለም መፋቅ፣ ዕቃ መቁጠር።

ሌላው ጣጣ፣ አዲስ አበባ ያለው አማካሪያችሁ ያን ቀን ሥራ ላይ ነው። «በሁለት የሥራ ቀን መልሱ» የሚል ደብዳቤ ቢልክ ለእሱ ቀኑ ይቆጠራል። አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁት።

4. ሠራተኛው ከየት እንደመጣ ፎርማኑን ጠይቁ። ሐዋሳ ላይ ግንበኛው ከወላይታ፣ ለሳኙ ከከምባታ፣ የሕንፃ መሣሪያ ሻጩ ከጉራጌ ሊሆን ይችላል። መስከረም ላይ ደግሞ የወላይታ ጊፋታ፣ የሀዲያ ያሆዴ፣ የከምባታ መሳላና የጉራጌ መስቀል ይደራረባሉ። በሕግ የተዘጋው መስከረም 17 ብቻ ነው፤ አገሩ የገባ ለሳኝ ግን ሳምንቱን ላይመለስ ይችላል። እኔ መስከረም አጋማሽ ላይ ልስን አልይዝም። ሚስማርና ሲሚንቶ ደግሞ ሱቁ ሳይዘጋ በፊት ይገዛ።

5. መንገዱንም ቁጠሩ። ኢሬቻ ቢሾፍቱ፣ ሆራ አርሰዴ ላይ የሚከበረው እሁድ ስለሆነ የሥራ ቀን አይቀንስባችሁም። በዋዜማው ቅዳሜ ግን አዲስ አበባ ላይ የሆራ ፊንፊኔ ኢሬቻ አለ። ከአዲስ አበባ በቢሾፍቱ በኩል የሚመጣ ብረት ካላችሁ ሐሙስ ይጫን፤ አለዚያ ማክሰኞ ነው የምታዩት።

6. ክፍያ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት በሕዝብ በዓል ለሠራ የሰዓቱ ደመወዝ እጥፍ፣ ትርፍ ሰዓት ከሆነ ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ጨምበላላን እንዴት እንደምትከፍሉ በድርጅቱ ደንብ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉት፤ በበዓሉ ማግስት መከራከር ለማንም አይበጅም።

ቆጠራውን በኤክሴል ለምትሠሩ፦ የተለመደው የሥራ ቀን ቀመር ቅዳሜን ከእሁድ ጋር ይጥላል። ቅዳሜ የምትሠሩ ከሆነ «ኔትወርክደይስ ኢንትል» (NETWORKDAYS.INTL) የሚለውን ተጠቀሙና የሳምንት ዕረፍት ቁጥሩን 11 አድርጉ፣ እሁድን ብቻ ይቀንሳል። ቀናቱ በፈረንጅ አቆጣጠር መግባት አለባቸው። በዓላቱን ለብቻ አንድ ገጽ ላይ ደርድሯቸው፤ አያንቶዎቹ ቀኑን ሲናገሩ የፍቼን መስመር ብቻ ታስተካክላላችሁ።