ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ላፕቶፕ ልትገዙ ስትሄዱ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ

በዚህ ወር ብቻ ሶስት ሰው "አንተ ታውቅበታለህ አይተህ ግዛልኝ" ብሎኝ በዛ ጠራራ ፀሀይ ከከዚራ ሰፈር ታይዋን ገበያ ስመላለስ ከረምኩ፣ ስለዚህ እዚሁ ልጻፈውና ራሳችሁ እዩት። ሲጀመር ዩዝድ ላፕቶፕ በአይን አይታወቅም። እኔ ራሴ የመጀመሪያዬን የገዛሁት ስቲከሩን አይቼ ነው፣ ፕሮሰሰሩን (የማሽኑን አእምሮ) ኮር አይ 7 ይላል፣ ያብረቀርቃል፣ ቤት ገብቼ ስከፍተው ውስጡ ደከም ያለው አይ 3። ስቲከር ለብቻው ይሸጣል እኮ አቦ!

አሁን ሊኑክስ ሚንት (እንደ ዊንዶውስ ያለ ግን ነጻ የሆነ ሲስተም) ያለበት ፍላሽ ኪሴ ከትቼ ነው የምሄደው። ሊኑክስ ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ይነሳል፣ የሻጩን ዊንዶውስም ዲስክም አይነካም፣ ግን ማሽኑ ውስጥ ምን እንዳለ ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል።

አዘገጃጀቱ ከባድ አይደለም። 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን የሚንት አይነት አውርዱ፣ እሱ ቀለል ስለሚል አሮጌ ማሽን ላይ አይንቀራፈፍም፣ ፋይሉ ወደ 3 ጊጋ ስለሚጠጋ ፓኬጃችሁን ከሚበላባችሁ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ አውርዱት። ከዛ ሩፈስ ወይም ባሌና ኤቸር በሚባል ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ይጻፋል። ኮፒ ፔስት አድርጎ "አልነሳም አለኝ" የሚል ሰው ብዛቱ! ኮፒ አይሰራም፣ ደሞ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ የሰርጋችሁ ቪዲዮ ያለበትን እንዳታመጡ።

ሱቅ ስትደርሱ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት "ፍላሽ አስገብቼ ልየው" በሉ። እሺ ካለ ጥሩ፣ "ቫይረስ ታስገባብኛለህ" ብሎ ከተቆጣ ምንም እንደማይጫን አስረዱት፣ ከዛም እምቢ ካለ ቀጣዩ ሱቅ ሁለት እርምጃ ነው። ማሽኑን አጥፍታችሁ ስታበሩ ዴል እና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ደጋግማችሁ ስትጫኑ ከምን ይነሳ ብሎ ይጠይቃል፣ ፍላሹን ምረጡ። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ የራሱ ሴቲንግ) ውስጥ ልግባ ስትሉ ፓስወርድ ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ግን ተዉት፣ የሆነ መስሪያ ቤት ንብረት የነበረ ሊሆን ይችላል፣ በኋላ ለማስከፈት የምታወጡት ብርም ጣጣም አለው።

ሚንት ሲነሳ ዴስክቶፑ ላይ ኢንስቶል የሚል አለ፣ እሱን አትንኩት። ሜኑ ውስጥ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ብላችሁ ፈልጉና ፕሮሰሰሩን እዩ። አይ 5 ማለቱ ብቻ ምንም አይነግራችሁም፣ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው ነገሩ፣ 6300ዩ ካለ ስድስተኛ ትውልድ ነው፣ 8250ዩ ስምንተኛ፣ 10210ዩ አስረኛ። ከኢንቴል ስምንተኛ በታች ያለው በማይክሮሶፍት መስፈርት ዊንዶውስ 11 አይጫንበትም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ይሄ ለእናንተ ጥሩ ዜና ነው፣ ምክንያቱም 8 ጊጋ ራም እና ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ አይነት) ያለው ስድስተኛ ትውልድ ላፕቶፕ ሊኑክስ ላይ ለትምህርት ለቢሮ ስራ ለዩቲዩብ አንጀት አርስ ነው፣ ሻጩን "ዊንዶውስ 11 እንኳን አይቀበልም" እያላችሁ ዋጋ አስወርዱት፣ ሊኑክስ ልትጭኑበት እንደሆነ አትንገሩት እንጂ።

ቀጥሎ ዲስክስ የሚለውን ክፈቱና ስማርት ዳታ የሚለውን እዩ፣ ዲስኩ ስለራሱ ጤና የሚመዘግበው ነው። ስንት ሰአት እንደሰራ ይጽፋል። አመት ሙሉ ሳይጠፋ ቢሰራ 8,760 ሰአት ነው፣ ስለዚህ 26,000 ካያችሁ ሶስት አመት ያለ እረፍት የዞረ ነው ማለት ነው፣ "ስላይትሊ ዩዝድ" ሲላችሁ በሆዳችሁ ሳቁ። ሰአቱ ብቻውን ግን አይገድልም፣ ሪአሎኬትድ ሴክተር ወይም ፔንዲንግ ሴክተር (የተበላሹና የተጠረጠሩ የዲስክ ቦታዎች ብዛት) ከዜሮ በላይ ሆኖ ካገኛችሁት ዲስኩ መሞት ጀምሯል፣ የአዲስ ኤስኤስዲ ዋጋ ከላፕቶፑ ላይ ይቀነስ።

ባትሪ ላይ ፓወር ማኔጀር ውስጥ ዲቫይስስ የሚል አለ፣ ሲመረት የነበረውን አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። 50 ዋት ሰአት የነበረው አሁን 28 ከሆነ ግማሹ ሊሄድ ምንም አልቀረውም። ላፕቶፑን የሱቁ መስታወት ላይ አስቀምጡትና ጥግ ጥጉን በጣታችሁ ጫን ጫን አድርጉ፣ ከተንገዳገደ ወይም ታችፓዱ ወደ ላይ ከተነሳ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። ያበጠ ባትሪ በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ፣ እሳት ነው።

አሁን የድሬ ጉዳይ፣ ሙቀት። ሀረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ እኛ 1,200 አካባቢ ነን፣ ስለዚህ እኛ ጋ ይሞቃል፣ የአክስቴ ልጅ ሀረር ሸዋ በር ጋ ገዝቶ ድምፁ የማይሰማ ያለኝ ላፕቶፕ እዚህ ሲመጣ ፋኑ እንደ ባጃጅ ነበር የሚጮኸው። ስለዚህ ጠዋት በነፋሻው ሰአት አትፈትሹ፣ ከቀኑ ሰባት ስምንት ሰአት ሂዱ፣ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ከስልካችሁ ሆትስፖት ጋር አገናኙትና ጥራቱ ከፍ ያለ ቪዲዮ ሃያ ደቂቃ አጫውቱ። በአንድ ድንጋይ ዋይፋዩንም ስፒከሩንም ባትሪውንም ሙቀቱንም አያችሁ ማለት ነው። ባትሪው ሳያልቅ ከጠፋ ወይም ቪዲዮው መቆራረጥ ከጀመረና ኔትወርኩ ደህና ከሆነ፣ ውስጡ አቧራ ሞልቶ ወይም የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያስተላልፈው ፔስት ደርቆ ይሆናል፣ ይሄ የሚጠገን ነው፣ ግን በዋጋው ይካካስ። ዋይፋዩ ጭራሽ ካልታየ ወዲያው ተበላሽቷል አትበሉ፣ ብሮድኮም የሚባለው ካርድ ሊኑክስ ላይ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሰራ ፕሮግራም) ይፈልጋል፣ ዊንዶውሱ ላይ መስራቱን አይታችሁ ግዙ፣ ቤት ስትገቡ ስልካችሁን በገመድ ሰክታችሁ ድራይቨር ማናጀር ያወርድላችኋል።

ኪቦርዱን አንድ በአንድ ተጫኑ፣ ፖርቶቹን ሁሉ በፍላሽ ሞክሩ (ሚንት በተነሳበት ፍላሽ ሳይሆን በሌላ)፣ ካሜራ፣ ማጠፊያው። ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ዋትም እዩ፣ 65 ለሚፈልግ ማሽን 45 የሚሰጡ አሉ።

አንድ ነገር ደሞ፣ ከገዛችሁ በኋላ አቧራ ላስነፋ ብላችሁ ጎሚስታ ጋር እንዳትወስዱት። ቀልዴን አይደለም፣ ሰው አድርጎታል። የጎማ ኮምፕሬሰር ውሀ ይተፋል፣ ፋኑንም ያለ ልክ አሽከርክሮ ይሰብረዋል። ክፈቱት፣ ባትሪውን ንቀሉ፣ ፋኑን በጣት ይዛችሁ በለስላሳ ብሩሽ።

እና ስትጨርሱ ፍላሻችሁን ንቀሉ፣ የኔ ሁለቱ ታይዋን ቀርተዋል።