የሞዲኬት መርፌ በጤና ጣቢያ፦ ከመወጋቱ በፊት የሚጠየቀው፣ ከተወጋ በኋላ የሚታየው

ሞዲኬት (ፍሉፌናዚን ዲካኖኤት) ለስኪዞፍሬንያና ለመሰል ከባድ የአእምሮ ሕመሞች የሚሰጥ፣ አንዴ ተወግቶ ለሳምንታት የሚሠራ መድኃኒት ነው። በየወሩ ይህን መርፌ ለመወጋት የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ከነርሷ የሚሰማው «ዞር በል» የሚለውን ብቻ ነው። ይወጋል፣ ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ ይሄዳል። ሲቀር «ጠፋ» ተብሎ ይመዘገባል። የቀረበት ምክንያት ግን አስቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ሊስተካከል የሚችል ነበር። ስለዚህ ሲሪንጅ ከመክፈታችሁ በፊት 5 ደቂቃ ለጥያቄ መድቡ።

መጀመሪያ ስለ መቁነጥነጥ ጠይቁ። ታካሚው «እግሬ አልቀመጥ አለኝ»፣ «ውስጤ ይንጠኛል» ይላል፤ ወይም ምንም ሳይናገር ቆሞ እግሩን ያፈራርቃል። ቤተሰቡ ደግሞ «ሕመሙ ተነሣበት» ብሎ ያመጣዋል። ትልቁ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፦ መጠኑ ይጨመራል፣ መቁነጥነጡ ይብሳል፣ ሰውየው መርፌውን ይጠላል። ለመለየት 2 ደቂቃ አስቀምጣችሁ፣ 2 ደቂቃ ደግሞ አቁማችሁ እግሩን ተመልከቱ። «መቼ ጀመረዎት?» በሉ። ከመርፌው በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት የሚብስ ከሆነ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ለእሱ ብቻ የሚሰማው ድምፅም ካልጨመረ፣ መድኃኒቱን ጠርጥሩ። መጠኑን ስለ መቀነስ ወይም ፕሮፕራኖሎል (መቁነጥነጡን የሚያስታግስ ክኒን) ስለ መጨመር ሐኪሙን አማክሩ፤ አስም ላለበት ግን ፕሮፕራኖሎል አይሰጥም። አርቴን (ትራይሄክሲፈኒዲል የተባለው ክኒን) መድኃኒቱ ለሚያመጣው የእጅ መንቀጥቀጥና ለሰውነት መገተር ይጠቅማል፤ ለመቁነጥነጥ ብዙም አይረዳም።

ቀጥሎ ስለ ምግብ ጠይቁ። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል። በቡታጅራ አካባቢ በተደረገ ጥናት ታካሚዎችና አስታማሚዎች መድኃኒት ለማቆም ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ለዚያ ረኃብ የሚሆን ምግብ ማጣት ነው። ጾም ላይ ላለ ወይም ጸበል ለገባ ሰው መርፌው የሚዋጥ አለመሆኑን አስረዱት፤ ጾሙን ሳይፈታ መወጋት ይችል እንደሆነ ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲነጋገር አበረታቱት። የወር አበባ መቅረትንና የወሲብ ፍላጎት መቀነስን አስታማሚው በሌለበት ጠይቁ፤ እናት ወይም ወንድም አጠገብ ቆሞ ማንም አይናገረውም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጋ ሰው በ12.5 ሚሊግራም ይጀምራል። 1 ሚሊ ሊትሩ 25 ሚሊግራም ከያዘ ይህ ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው። በትንሹ የሚጀመረው አንዴ ከገባ ማውጣት ስለማይቻል ነው።

ፈሳሹ የተዘጋጀው በሰሊጥ ዘይት ስለሆነ የሰሊጥ አለርጂ ላለበት አይወጋም። ሲሪንጁም መርፌውም ፍጹም ደረቅ ይሁኑ፤ ውሃ ከነካው ይደፈርሳል። ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ በቀጭን መርፌ አያልፍም፤ 21 ጌጅ (የመርፌ ውፍረት መለኪያ)፣ 38 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ይሻላል። መጋረጃ ዝጉ፤ ሴት ታካሚን በተቻለ መጠን ሴት ነርስ ትውጋት። በሆድ አስተኝታችሁ የእግር ጣቶች ወደ ውስጥ እንዲዞሩ አድርጉ፤ ጡንቻው ይላላል። የመቀመጫውን የላይኛውን የውጭ ሩብ ምረጡ፤ ከዚያ ወደ ታችና ወደ መሐል ትልቁ የእግር ነርቭ አለ። ቆዳውን ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ወደ ጎን ስባችሁ ያዙ፣ መርፌውን በ90 ዲግሪ አስገቡ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ስባችሁ ደም አለመኖሩን እዩ፣ አንዱን ሚሊ ሊትር በ10 ሰከንድ ያህል ቀስ ብላችሁ ግፉ። ሌላ 10 ሰከንድ ጠብቁ፣ መርፌውን አውጡ፣ ከዚያ ቆዳውን ልቀቁ። አትሹት፤ ዘይቱ ተመልሶ ቆዳ ሥር ከቀረ ያሳብጣል። በየትኛው ጎን እንደወጋችሁ ካርዱ ላይ ጻፉ፤ በሚቀጥለው በሌላው ጎን ይሁን።

የመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አንገት ወደ ጎን ከተጠመዘዘ፣ ዓይን ወደ ላይ ከተሰቀለ፣ መንጋጋ ከተቆለፈ ቤተሰቡ መንፈስ ነው ሊል ይችላል፤ መድኃኒቱ ያመጣውና የሚድን ነገር መሆኑን፣ ወዲያው መምጣት እንዳለባቸውም ከወዲሁ ንገሯቸው። ፕሮሜታዚን 25 ሚሊግራም በጡንቻ ከተሰጠ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይለቀዋል። ትኩሳት፣ እንጨት የመሰለ መገተር፣ ላብና ግራ መጋባት አንድ ላይ ከታዩ ግን በምንም ዓይነት እንዳትወጉ፤ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላኩ።

የቀጠሮው ቀን ከገበያ ቀን ጋር ቢገጥም የትራንስፖርት ወጪ ይቀንሳል። ዘግይቶ የመጣን ታካሚ አትመልሱት፤ ስንት ሳምንት እንዳለፈ ቆጥራችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ጨርሶ ከቀረ በሳምንቱ ውስጥ ደውሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ቤቱ ስትልኩም ጎረቤት ፊት ስለ መርፌውም ስለ ሕመሙም እንዳታነሣ አስጠንቅቋት፤ «ጤና ጣቢያ ይፈልጉዎታል» ማለቷ ይበቃል።