በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር? በምን ፍጥነት? የርቀትና የሶምሶማ ሚዛን እንዴት ይጠበቃል

ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫን ለመሮጥ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር ልሩጥ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ግማሹ ቀርቷል። የቀረው «በምን ፍጥነት?» የሚለው ነው። ሁለቱ አይነጣጠሉም። 30 ኪሎ ሜትር በሶምሶማ የሮጠና 30 ኪሎ ሜትር ትንፋሹ እየተቆራረጠ የሮጠ ሰው ያሳለፉት ሳምንት አንድ አይደለም።

እኔ ይህን ያወቅኩት ታምሜ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሰፈሬ ውስጥ የምሮጣትን 6 ኪሎ ሜትር ሁልጊዜ ከትናንቱ አፍጥኜ ለመጨረስ እታገል ነበር። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ደረጃ ስወርድ ሁሉ ቅልጥሜን ያመኝ ጀመር። አንድ ወር ሙሉ ተቀመጥኩ። ስመለስ የለወጥኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ርቀቱን ሳልነካ ፍጥነቱን ቀነስኩ። ሕመሙ አልተመለሰም። በዓመቱ መጨረሻ በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር እሮጥ ነበር።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ርቀት እንድትጨምሩ የሚፈቅድላችሁ ቀስ ማለታችሁ ነው።

መጀመሪያ፦ የራሳችሁን ሶምሶማ ፈልጉ

ሶምሶማ ማለት እየሮጣችሁ እንደ ልብ ማውራት የምትችሉበት ፍጥነት ነው። «አዎ» እና «እሺ» ማለት አይበቃም። ከጓደኛችሁ ጋር ስለ ቤት ኪራይ ወይም ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ወሬ ይዛችሁ መሄድ መቻል አለባችሁ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ጮክ ብላችሁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። መሃል ላይ አየር ካጠራችሁ ፈጥናችኋል።

ቁጥር ለሚፈልግ ሰው ደግሞ እንዲህ ነው። 10 ኪሎ ሜትርን በ60 ደቂቃ የሚጨርስ ሯጭ አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ይሮጣል። የዚህ ሰው ሶምሶማ በኪሎ ሜትር ከ7 ደቂቃ እስከ 7 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ አካባቢ ይሆናል። ከውድድር ፍጥነቱ ቢያንስ በአንድ ደቂቃ ይዘገያል ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ብዙዎች «ይሄማ እርምጃ ነው» ይሉኛል። ሞክሩትና እዩት፤ እርምጃ አይደለም።

የልብ ምት የሚያሳይ ሰዓት ያለው ሰው ከከፍተኛ የልብ ምቱ ከ65 እስከ 75 በመቶ ባለው ውስጥ ይቆይ። 220 ሲቀነስ ዕድሜ የሚለው ስሌት ግን ግምት ነው፤ ከሰው ሰው ብዙ ይለያያል። ሰዓቱና ትንፋሻችሁ ካልተስማሙ ትንፋሻችሁን እመኑ።

ቦታም ይለውጠዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ቦሌ አስፋልት ላይ በ7 ደቂቃ የሚሄድላችሁ ኪሎ ሜትር እንጦጦ ዳገት ላይ 9 ደቂቃ ቢወስድ ምንም አይደለም፤ ልባችሁ የሚሠራው ያው ነው። ለዕረፍት ከዋሽንግተን የመጣ ሰው የለመደውን ፍጥነት ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይርሳው። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ደግሞ ፈተናችሁ ሙቀቱ ነው። ጎህ ሳይቀድ ውጡ፤ ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት ኪሎ ሜትር ትታችሁ ደቂቃ ቁጠሩ።

ቀስ ማለት ለምን ይሠራል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱን ያላመነ ሰው በሦስተኛው ቀን ማፍጠኑ አይቀርም።

በሶምሶማ ስትሮጡ ልብ በአንድ ምት የሚገፋው ደም ይጨምራል። በጡንቻ ውስጥ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበዛሉ። ሰውነት ስብን አቃጥሎ መሄድ ይለምዳል። እነዚህ ለውጦች የሚመጡት ከተጠራቀመ ሰዓት ነው። ሰዓት የሚጠራቀመው ደግሞ ነገም መሮጥ ስትችሉ ነው። ሌላም ነገር አለ። ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ይሻሻላል፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። «ትንፋሼ ችሏል» ብላችሁ ስታፈጥኑ እግራችሁ ገና አልደረሰም። ጉዳት የሚገባው በዚህች ክፍተት ነው።

ትልልቆቹን እዩ። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2019 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲጨርስ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ2 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ነው የሮጠው። አትሌቶቻችን ግን በየቀኑ እንደዚያ አይሮጡም። ማለዳ እንጦጦ ጫካ የወጣ ሰው ያውቃል፤ በቀላል ቀናቸው ተሰልፈው፣ አንዱ የአንዱን እግር እየተከተለ፣ በዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዙ ቀስ ብለው ይሄዳሉ።

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። ኒውዚላንዳዊው አሠልጣኝ አርተር ሊዲያርድ ሯጮቹን መሠረት ሲያስጥል በሳምንት 160 ኪሎ ሜትር ያህል ያስሮጣቸው ነበር። ከእነሱ አንዱ ፒተር ስኔል የ800 ሜትር ሯጭ ነው! እ.ኤ.አ. በ1960 አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት የሮም ኦሎምፒክ ስኔል በ800፣ የቡድን ጓደኛው ሙሬይ ሃልበርግ በ5,000 ሜትር በአንድ ቀን ወርቅ አገኙ። የስፖርት ተመራማሪው ስቲፈን ሳይለርም በኋላ የጽናት ስፖርተኞችን ልምምድ ሲያጠና ከአምስት ልምምድ አራቱ ያህል ቀላል ሆኖ አግኝቶታል።

ሁለተኛ፦ አሁን ያላችሁበትን ጻፉ

ያለፉትን አራት ሳምንታት አስታውሱና በእያንዳንዱ ሳምንት ስንት እንደሮጣችሁ መዝግቡ። ከሁሉ የበለጠውን አትውሰዱ፤ አማካዩን ውሰዱ። መነሻችሁ እሱ ነው። 15 ከሆነ 15 ነው። ጓደኛችሁ 50 መሮጡ እናንተን አይመለከትም።

ሦስተኛ፦ ሳምንቱን አከፋፍሉ

መነሻችሁ 24 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በአራት ቀን ሲከፈል፦ ማክሰኞ 6፣ ሐሙስ 6፣ ቅዳሜ 4፣ እሁድ 8። በኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ ተኩል ከሄዳችሁ በሳምንት ሦስት ሰዓት ነው። የእሁዱ ረጅም ሩጫ ከሳምንቱ ሲሶ አይለፍ። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ውሎ እሁድ ብቻ 15 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ብዙ አውቃለሁ፤ ሰኞ እያነከሰ ነው ቢሮ የሚገባው። ያንኑ 15 በሦስት ቀን ቢከፍለው ይሻለዋል።

ቢያንስ አንዱን ቀን ከአስፋልት ውጡ። ጃን ሜዳ ሣሩ ላይ፣ ጫካ ውስጥ፣ ካልሆነም ኮሮኮንች መንገድ ላይ።

አራተኛ፦ ጨምሩ፤ ከዚያ ቀንሱ

በሳምንት ከ10 በመቶ በላይ አትጨምሩ የሚለው የቆየ ምክር ሕግ ባይሆንም ለጀማሪ ደህና አጥር ነው። ከ24 ስንነሳ እንዲህ ይሄዳል፦ 24፣ 26፣ 28፣ ከዚያ በአራተኛው ሳምንት ወደ 21 መውረድ። ቀጥሎ 28፣ 30፣ 33፣ ከዚያ 25። የመውረጃዋን ሳምንት ብዙ ሰው ይዘላታል፤ «ደህና ነኝ እኮ» ብሎ። እባካችሁ አትዝለሏት። ሰውነት የተጫነበትን የሚያዋህደው ያኔ ነው።

33 ላይ ስትደርሱ ማክሰኞና ሐሙስ ስምንት ስምንት፣ ቅዳሜ 6፣ እሁድ 11 ይሆናል። ለ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ይህ በቂ ነው። ከኅዳር ወደ ኋላ 12 ሳምንት ብትቆጥሩ ነሐሴ ላይ ትደርሳላችሁ። ዝናቡና ጭቃው ገና አለ፤ መጀመር ያለባችሁ ግን ያኔ ነው።

አምስተኛ፦ ፍጥነትን በአንድ ቀን ወስኑ

ቢያንስ ስድስት ሳምንት በሶምሶማ ብቻ ሂዱ። ከዚያ ማክሰኞን የፍጥነት ቀን አድርጉ። 2 ኪሎ ሜትር በሶምሶማ ሰውነት አሟሙቁ። ቀጥሎ 3 ደቂቃ ፈጠን፣ 2 ደቂቃ ዘና፤ ይህን አምስት ጊዜ ድገሙ። በመጨረሻ ቀስ ብላችሁ ጨርሱ። ፈጣኑ ክፍል ቢደመር ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ይበቃል። ርቀት በምትጨምሩበት ሳምንት ግን በዚህ ቀን ላይ ድግግሞሽ አትጨምሩ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ።

ስድስተኛ፦ ሲከብዳችሁ በቅደም ተከተል ቀንሱ

ጠዋት ከአልጋ ስትነሱ እግር ከዛለ፣ እንቅልፍ ከራቀ፣ የትናንቱ ሶምሶማ ዛሬ ትንፋሽ ካስቆረጠ ጭነቱ በዝቷል። ያኔ አብዛኛው ሰው ሩጫውን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። መጀመሪያ የፍጥነቱን ቀን ወደ ሶምሶማ እቀይራለሁ። ካልተሻለኝ ሶምሶማውን ራሱ በኪሎ ሜትር 30 ሰከንድ አዘገየዋለሁ። ኪሎ ሜትሩን የምቀንሰው በመጨረሻ ነው። ከድካም የሚለየው ሕመም ነው። አንድ ቦታ ላይ በጣት ሲነካ የሚያም፣ ስትሮጡ እየባሰ የሚሄድ የአጥንት ሕመም ካለ ግን ሚዛን የሚባል ነገር የለም። አቁሙ፤ ሐኪም ይየው።

በጾም ወቅትም ይኸው ቅደም ተከተል ይሠራል። ሁዳዴም ሆነ ረመዳን ርቀት የምትጨምሩበት ጊዜ አይደለም። የፍጥነቱን ቀን ተዉት። ከመግደፊያ ወይም ከማፍጠሪያ ሰዓት በፊት ከ45 ደቂቃ ያልበለጠ ሶምሶማ ሩጡና ውኃውና ምግቡ ወዲያው ይከተል።

ማክሰኞ ካመለጣችሁ ደግሞ አምልጧል። የማክሰኞን 8 ከሐሙስ 8 ጋር ደምራችሁ 16 አትሩጡ። ሳምንት ሙሉ ከታመማችሁ በተመለሳችሁበት ሳምንት የነበራችሁበትን ግማሽ ሩጡ፤ ሁሉንም በሶምሶማ፣ ሁሉንም እያወራችሁ።